8028 በገበሬ ቤት፦ አንድ ክረምት የሞከርነው የስልክ መስመር

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን በቅድሚያ ልናገር። 8028 ጥሩ ነገር ነው። ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን ለምን እንዳስቀረሁ ግን ባጭሩ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ስለ ስልኩ ብቻ ሳይሆን ስልኩ ስለሚገባበት ቤትም ማውራት አለብኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የእናቴ ወገን ግን አዊ ነው፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከአዲስ ቅዳም በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ቀበሌ። ቤት ውስጥ የሚወራው በአዊኛ ነው። አማርኛ የገበያ፣ የቤተ ክርስቲያንና የቢሮ ቋንቋ ነው። አጎቴ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ሁለቱንም አቀላጥፎ ይናገራል። ሚስቱን እትዬ እላታለሁ። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትስቅና ስትቆጣ ግን በአዊኛ ነው። አያቴ ደግሞ አማርኛው እምብዛም አይገባትም። ግንቦት ላይ ሄጄ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አብሬያቸው ከረምኩ። ይህንንም የምጽፈው ከዚያ ክረምት ተነስቼ ነው።

ቁጥሩን ለማያውቅ ሰው፦ 8028 በ2006 ዓ.ም. የተጀመረ የገበሬ ስልክ መስመር ነው። ያቋቋመው ያኔ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው፣ አሁን ኢንስቲትዩት የሆነው መሥሪያ ቤት ነው። ግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ኢትዮ ቴሌኮምም አብረው ሠርተውበታል። ሲጀመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር። ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት የጥሪው ብዛት በሚሊዮን ተቆጥሯል። ስትደውሉ የሚያናግራችሁ የተቀዳ ድምፅ ነው። ቋንቋ ትመርጣላችሁ፣ ሰብል ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ የምትፈልጉትን ሥራ፦ መሬት ዝግጅት፣ አዘራር፣ ማዳበሪያ፣ አረምና ተባይ፣ አጨዳና ክምችት። በአጭር መልእክትም ይሠራል። በተለይ ለስንዴ ዋግ ማስጠንቀቂያ የሚላክበት መሆኑን በጣም እወድለታለሁ፣ ምክንያቱም ዋግ የሚባለው የሰብል በሽታ ቀን አይሰጥም። በ2003 ዓ.ም. ኩብሳና ገለማ የሚባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ቢጫ ዋግ እንዴት እንደጨረሳቸው ስንዴ አምራች የሆነ ሁሉ ያስታውሳል።

አሁን ወደ ጋሼ ቤት ልግባ።

የመጀመሪያው ምሽት። ጋሼ ቶርች ያላት ትንሽ ቴክኖ አለችው፣ ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረ። ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና "እስቲ ይሄን ቁጥር ደውይው፣ እኔ መጫኑ ላይ እሳሳታለሁ" አለኝ። ላውድ ላይ አደረግኩት። ድምፁ ለእኔ ይበቃል፣ ለአያቴ ግን አይሰማም። ይሄኔ እትዬ ተነስታ ባዶ የዘይት ጣሳ አመጣችና ስልኩን ከነነፍሱ ጣሳው ውስጥ አስቀመጠችው። ድምፁ ጎላ! ቆርቆሮው ያንን ቀጭን ድምፅ ወፍራም አድርጎ ቤቱን ሞላው። ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶች ሁሉ ወደ ጣሳው ዞሩ። ስለ ገብስ ነበር የሚለው። ጋሼ እያንዳንዱ ነገር ሲያልቅ ለአያቴ በአዊኛ ይነግራታል፣ እሷ ደግሞ ትጨምርበታለች፣ "ይሄን አባትህም ያደርግ ነበር" ትለዋለች፣ ወይም ትቃወመዋለች። አንዱን ክፍል ሦስቴ ሰማነው። ነፃ ስለሆነ ማንም "ሂሳብ ይቆጥራል" ብሎ አልተሳቀቀም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ቤት አምስት ብር ካርድ የሚሞላው ለለቅሶና ለታመመ ሰው ነው።

ምክር ሁሉ ግን ልኬት አለው፣ ልኬቱ ደግሞ የቢሮ ነው። የግብርና ምክር የሚነገረው በሄክታር፣ በኪሎና በሳንቲ ሜትር ነው። ጋሼ የሚያርሰው በጥማድ፣ የሚሰፍረው በቁናና በጣሳ፣ ርቀት የሚለካው በስንዝር ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በሄክታር አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ሲባል ለአንድ ጥማድ 25 ኪሎ ማለት ነው። ይህንን ተቀምጠን ከቆጠርነው በኋላ የጋሼ ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ በደብተሯ ጻፈችው፦ አንድ ጥማድ፣ ግማሽ ጥማድ፣ ሩብ ጥማድ፣ ስንት ስንት ጣሳ። ያቺ ገጽ ተገንጥላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ሁለት ጎረቤቶች መጥተው ገልብጠዋታል። አንዱ ማንበብ አይችልም፣ ግን ልጁ ትችላለች።

ሌላም ነገር አለ። ዳፕ በሚባለው ማዳበሪያ ፋንታ ኤንፒኤስ የሚባለው ወደ ሰፈሩ መምጣት ከጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር። ሰፈሩ ግን አሁንም ዳፕ ነው የሚለው። ስለዚህ ምክር የሚሰጥ ሰው "ኤንፒኤስ" ሲል "እኛ እሱን አናገኝም፣ ዳፕ ነው የሚመጣልን" የሚል ሰው ታገኛላችሁ፣ ማሳው ላይ ግን የኤንፒኤስ ከረጢት ተጥሎ። ይህን ለማጥራት አንድ ቡና ሙሉ ፈጀብን። አንድ ሰው ከረጢቱን ይዞ መጥቶ ጽሑፉን ማሳየት ነበረበት።

ስልኩ የማን ነው? ይህ ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ነው። የጋሼ ነው። ሲም ካርዱም በስሙ ነው። ጋሼ ገበያ ሲሄድ ስልኩም ገበያ ይሄዳል፣ ማሳ ሲሄድ ማሳ ይሄዳል። የገብሱን ዘር የምትመርጠው ግን እትዬ ናት። ጎተራ ውስጥ የሚገባው፣ ከአመድ ጋር የሚቀላቀለው፣ ለብቻው የሚቀመጠው፣ ለእንግዳ ጠላ የሚወጣው፣ ሁሉ በእሷ እጅ ነው። አረሙንም ከልጆቿ ጋር የምታርመው እሷ ናት። ስለ ዘርና ስለ አረም የሚናገር ምክር ታዲያ ለእሷ መድረስ ነበረበት፣ የሚደርሰው ግን ማታ ጋሼ ትዝ ካለው ነው። ግንቦትን ሙሉ ይህን ሳይ ቆየሁና ሰኔ ላይ የእኔን አሮጌ ስልክ ለእትዬ ሰጠኋት። መጀመሪያ "ምን ላደርግበት" አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ልጅቱ እያገዘቻት ስለ ገብስ አረም ደጋግማ ሰምታ፣ ሰንበቴ ላይ ለሴቶቹ ስትነግር ሰማኋት። እሷ ስትናገር ሴቶቹ ይጠይቃሉ። ጋሼ ሲናገር ወንዶቹ ይከራከራሉ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አሁን አምስተኛዋን ኮከብ ያስቀረሁበት። የተቀዳ ድምፅ ለአገር በሙሉ ነው የሚናገረው፣ የጋሼን ማሳ አይቶ አያውቅም። የፋግታ ለኮማ አፈር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አሲዳማ ነው። ብዙ ዝናብ የአፈሩን ካልሲየምና ማግኒዝየም ለዘመናት አጥቦ ወስዶታል። አፈሩ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየም ይለቅና የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል፣ የምትጨምሩበትን ፎስፈረስም አስሮ ያስቀረዋል። ጋሼ ይህን ሁሉ በሦስት ቃል ነው የሚለው፦ "መሬቱ ማዳበሪያውን በላው።" ትክክል ነው። በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ይህ ችግር አለበት። መድኃኒቱ ኖራ ነው። እንደ አፈሩ መጠን ቢለያይም በሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ መጨመር የተለመደ ነው፣ ከመዝራት በፊትም ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ መቆየት አለበት።

ይህንን ለጋሼ የነገረው ማን ነው? የልማት ጣቢያው ልጅ። ወጣት ነው፣ ጫማው ሁሌ ጭቃ ነው። ወጉ በአንድ ቀበሌ ሦስት ባለሙያ መኖር ነው፣ ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት አንድ አንድ። እሱ ግን የቱም ቢሆን ይጠየቃል። መጥቶ ማሳው ላይ ተቀመጠ፣ አፈሩን በእጁ አሸ፣ የትኛው ጥግ ላይ ገብሱ እንደሚቀጭጭ ጠየቀ። እትዬ ነች ያሳየችው። ከዚያ "ሁሉንም አይደለም፣ ግማሽ ጥማድ ሞክሩ፣ ሌላውን ግማሽ ተዉት፣ ራሳችሁ ታያላችሁ" አለ። ይህ ምክር በስልክ የሚመጣ አይመስለኝም። ስልኩና ይህ ልጅ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ነገሩ የሚሟላው፣ አንዱ የሌላውን ቦታ ይተካል የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም።

ግማሽ ጥማድ ሦስት ኩንታል ኖራ ፈለገ። ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ስድስት ከረጢት፣ በሦስት አህያ ሁለት ምልልስ። የሁለት ቀን ሥራ ነው። ኖራ ጥሩ ነው ማለት ቀላል ነው፣ ኖራን ዳገት ላይ ማውጣት ሌላ ነው። ሰዉ ስለ ኖራ ያልሰማ እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ሰምቷል። የሰማውን የሚሸከምበት አህያ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ጋሼ መሞከሪያውን የት እንዳደረገው ልንገራችሁ። መንገድ ዳር ጥሩ ቦታ ነበረው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሁሉ የሚያልፍበት። እሱ ግን ከቤቱ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ በስተኋላ ያለውን መረጠ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ቶሎ አልመለሰልኝም። ማታ ላይ "ባይሆንስ? ሰው ምን ይለኛል?" አለኝ። አዲስ ነገር የሚሞክር ገበሬ የሚያጣው እህል ብቻ አይደለም። "ያ ኖራ ያለበሰው" እየተባለ ለዓመታት ይጠራበታል። ሞዴል አርሶ አደር እየተባለ የሚሸለመው ሰው ይህን ፍርሃት የሚችል አቅም ያለው ነው፣ ብዙ መሬት፣ ብዙ በሬ ያለው። ጋሼ ሁለት በሬና አምስት ጥማድ ነው ያለው። እኔ ይህን እስካይ ድረስ "ገበሬ አዲስ ነገር አይቀበልም" የሚለውን ወሬ በግማሽ አምን ነበር። አሁን ስሰማው ያመኛል።

እንደውም የዚህ አካባቢ ሰው አዲስ ነገር ሲቀበል እንዴት እንደሚቀበል ማየት ከፈለጋችሁ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እዩ። ዛፉ የአውስትራሊያ ነው። አፈሩ ገብስና ጤፍ አልሰጥ ሲል አንዱ ተከለ፣ ጎረቤቱ አየ፣ እሱም ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ወይም ገብስ ይዘራል። በአራት በአምስት ዓመት ይቆረጣል፣ እዚያው ከሰል ይከሰላል፣ መሬቱ እንደገና እህል ይዘራበታል። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ዛፉ ወረዳውን በሰፊው የሸፈነው ገበሬው አይቶ፣ ጠይቆ፣ ችግኝ ተቀብሎ፣ የከሰል ዋጋ ገበያ ላይ ሰምቶ ነው። ሰው የሚያምነው በዓይኑ ያየውን የጎረቤት ማሳና በኪሱ የገባውን ብር ነው።

ከዚያ ዋጉ መጣ። ዩሮሚክላዲየም የሚባል ፈንገስ ነው፣ ዛፉን ያደርቀዋል። ጋሼ የሦስት ዓመት ዛፍ ነበረው። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው እኩል ነው ያየው፣ እኩል ነው የደነገጠው፣ ግን ምን እንደሆነ የሚነግረው አጣ። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዱ ቁጣ ነው አለ። ከዘመድ ወደ ዘመድ የሚተላለፍ ዕውቀት ዘመድ ሁሉ የማያውቀው ነገር ሲመጣ ይቆማል። እንዲህ ላለው ጊዜ ነው ከውጭ የሚመጣ ድምፅ፣ ስልክም ይሁን ሬዲዮ፣ የሚያስፈልገው። 8028ን አጥብቄ የምደግፈው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን አዲስ በሽታ ቶሎ ለይቶ፣ በሰው ቋንቋ፣ ዛፉ ገና ሳይደርቅ የሚናገር መስመር ቢሆን ኮከቧን ሳላንገራግር እጨምራለሁ። በአዊኛ ቢናገር ደግሞ አያቴ ራሷ ትመርቀው ነበር።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ሁለቱም በእኛ ላይ የደረሱ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ስሙን የማልጠራው አንድ የስልክ ጥገና ቤት ጋሼን "8028 ላስከፍትልህ" ብሎ 50 ብር ተቀብሎታል። የሚከፈት ነገር የለም። ማንም ሰው ከማንኛውም የኢትዮ ቴሌኮም ስልክ ይደውላል፣ አለቀ። ሁለተኛው የዘር ድንች ነው። አንድ ነጋዴ "በለጠ ነው" ብሎ ሸጠልን። በለጠ ጥሩ ምርት የሚሰጥ ዝርያ ነው፣ እኛ የገዛነው ግን ሲበቅል አንዱ ነጭ አበባ፣ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ ቀጫጫ፣ ቅይጥ ሆኖ ወጣ። ምክሩን በትክክል ተከትላችሁ ዘሩ የውሸት ከሆነ ሰው የሚጠላው ዘሩን ሳይሆን ምክሩን ነው። እትዬ ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አላት፦ ማሳውን በአበባው ጊዜ ያላየችውን ሰው ዘር አትገዛም። እኔም ይህንን ሕግ ለሁሉም እመክራለሁ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ያለው ማሳ ለሁለት ተከፍሎ ታየ። ኖራ የገባበት ግማሽ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ወፍራም። ሌላው ቢጫ ያዘለ፣ ጉልበት ያጠረው። መሃሉ ላይ በገመድ የተሰመረ ይመስል ነበር። ጋሼ ለማንም አልተናገረም። እትዬ ግን ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ለሁለት ሴቶች ነገረች። በማግስቱ ባሎቻቸው "በሬ ጠፋብን" እያሉ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመሩ። ጋሼ ሁሉንም አስገባቸው። ገብሱን እየነቀለ ሥሩን ያሳያቸው ነበር፣ የዚህኛው ረጅም፣ የዚያኛው አጭር።

ለኅዳር ጽዮን ስመለስ ታጭዶ ተወቅቷል። ኖራ ከገባበት ግማሽ ጥማድ ሁለት ኩንታል ተኩል፣ ካልገባበት ግማሽ ጥማድ አንድ ኩንታል ከሩብ። የአንድ ክረምት፣ የአንድ ማሳ ነገር ነው፣ ከዚያ በላይ አልልም። ግን ጎረቤቶቹ ዘር ጠየቁ። ጋሼ ሰጠ፣ በልውጥ፣ ቁና በቁና። ከዘሩ ጋር ሁሌም ትንሽ ወሬ አብሮ ይሄዳል፦ መቼ እንደተዘራ፣ ስንት ጣሳ ማዳበሪያ፣ ኖራው ስንት ቀን ቀድሞ እንደገባ፣ ስልኩ ስለ አረሙ ምን እንዳለ። ማንም "ይህ ከ8028 ነው፣ ይህ ከግብርናው ልጅ ነው፣ ይህ ከአያቴ ነው" ብሎ አይለይም። ወሬው አንድ ሆኗል።

በመጪው ግንቦት አሥራ አንድ ቤተሰብ አብሮ ኖራ ሊያመጣ ተስማምቷል፣ አንድ አይሱዙ ተከራይቶ እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ በአህያ፣ በደቦ። ዝርዝሩን የያዘችው የጋሼ ልጅ ናት፣ በዚያው ግድግዳው ላይ ገጽ በገነጠለችበት ደብተር። የእትዬ ስልክ ከነጣሳው ቤት ነው የሚውለው።